ጣሳዋን ማን ይሳላት?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓ.ም. ያልኩበት የኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ።

ሰሞኑን ተሳፋሪ እየጠበቅን ከሾፌር ጓደኞቼ ጋር አንድ ክርክር ተነሳ። ፌርፋክስ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ውስጥ፣ የአገራችንን የመጠጥ ታሪክ የሚያሳይ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ቢሳል ምን ይሳልበት? ጨዋታ ነው እንግዲህ፤ ግድግዳም የለን፣ ገንዘብም የለን። አንዱ «ጊዮርጊስ ነዋ! ፈረሱን፣ ጦሩን፣ ዘንዶውን አድርጎ!» አለ። ሌላው የሰበታ ልጅ ነውና «ሜታ ካልገባበት ግድግዳው ይፍረስ» አለ። ጎንደሬው ዳሽንን ይዞ መጣ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግድግዳው በጠርሙስ ሞላ። ጠላ ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጠላ ሸጣ ያሳደገችው እናት ያለችው ሰው እዚያው መሃላችን ቆሟል፤ እሱም አላለም።

እኔም ያን ቀን ሙሉ ስነዳ የማስበው ይህንኑ ሆነ።

ከተሞች የቢራ ታሪካቸውን ለአላፊ አግዳሚ መሳል ይወዳሉ። እዚህ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ላ ክሮስ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ትልቅ ጠማቂ ሃይለማን በ1969 ስድስት ግዙፍ የቢራ ማጠራቀሚያ ታንከሮቹን የቢራ ጣሳ አስመስሎ አስቀባቸው። ስድስት ጣሳ ተደርድሮ ሲታይ «የዓለም ትልቁ ስድስት ጥቅል» ተባለ፤ ቱሪስት እየሄደ ፎቶ ይነሳበታል። ፋብሪካው በ1999 ተዘጋ። አዲስ ባለቤት ሲመጣ የድሮው መለያ ተነስቶ በቦታው ሌላ ቢራ ተለጠፈ። የከተማዋ ታሪክ የተባለው ነገር ባለቤት ሲቀየር አብሮ መለያውን ቀየረ ማለት ነው። እንደ ድሮ መሐንዲስ ታንከሮቹን አደንቃለሁ። እንደ ታሪክ ግን አንድም ሰው የለባቸውም፤ ብቅሉን ያቀረበ፣ ቦይለሩን ያነደደ፣ ጠርሙስ ያጠበ ሰው አይታይም።

ሎስ አንጀለስም የራሷ የቢራ ታሪክ አላት። ሜየርና ዞበላይን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1882 አንድ ላይ ጠመቃ ጀመሩ፤ ኋላ ተለያዩ። የሜየር ወገን ፋብሪካ 101 ፍሪዌይ ዳር ስለነበር ሾፌር ሁሉ «ብሩ 102» የሚለውን ጽሑፍ እያየ ነበር የሚያልፈው ይላሉ የድሮ ሰዎች። ዛሬ ፈርሷል። ዞበላይን የያዘው «ኢስትሳይድ» የተባለውን ቢራ የሚጠምቀው ፋብሪካ ደግሞ በ1953 ወደ ፓብስት ዞሮ በ1979 ተዘጋ። ሕንጻው ግን ሊንከን ሃይትስ ውስጥ አሁንም አለ፤ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ተከራይተው ይኖሩበታል። ስሙም እስከ ዛሬ «ዘ ብሩዌሪ» ነው። ቢራው አልቆ ቀለሙ ቀረ።

ወደ ግድግዳ ሥዕል እንምጣ። ይህች ከተማ የግድግዳ ሥዕል አገር ናት፤ ሾፌር ደግሞ ከሙዚየም ጎብኚ በላይ ሥዕል ያያል። ከዚህ ሁሉ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ፤ ሥዕሉን ከማየቴ በፊት ማን ከፈለበት ብዬ እጠይቃለሁ።

ለምሳሌ ቨርነን ሄዳችሁ የአሳማ ማረጃ የነበረውን ግድግዳ ያየ አለ? በ1957 ሌስ ግራይምስ የሚባል ሠዓሊ ጀመረው። አሳማዎች በለምለም መስክ ይንከባለላሉ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ልጆች ይቦርቃሉ። ግድግዳው ውስጥ ይሆን የነበረውን ታውቁታላችሁ። ሠዓሊው ራሱ በ1968 ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ፤ ሌላ ሰው ቀጠለው። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን የተሳለው ግድግዳው ውስጥ የነበረውን እንዲሸፍን ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ ኦልቬራ ጎዳና ታገኙታላችሁ። በ1932 ሜክሲኮአዊው ሲኬይሮስ ስለ ሞቃታማዋ አሜሪካ ሥዕል እንዲስል ተቀጠረ። ከፋዮቹ የጠበቁት ዘንባባና በቀቀን ሳይሆን አይቀርም። እሱ ግን መሃል ላይ የተሰቀለ የአገሬው ተወላጅ፣ ከራሱ በላይ ንስር አድርጎ ሳለ። ብዙም ሳይቆይ ሥዕሉ በነጭ ቀለም ተሸፈነ። ሕዝብ እንደገና ያየው በ2012 ነው። ሰማንያ ዓመት በኖራ ሥር!

ሌላ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከተማዋ በ2002 በግል ሕንጻ ላይ የግድግዳ ሥዕል ከለከለች፤ እስከ 2013 ድረስ አዲስ መሳል ሕገ ወጥ ነበር። ምክንያቱ የማስታወቂያ ድርጅቶች ሙግት ነው፤ ለሥዕል ከተፈቀደ ለማስታወቂያ የማይፈቀደው ለምንድነው አሉ። ሕጉ ሥዕልን ከማስታወቂያ መለየት አቃተውና ሁለቱንም ዘጋ። በ2013 ሲከፈት የተቀመጠው መስፈርት እንግዲህ ይኸው ነው፦ ሥዕሉ የንግድ መልእክት እንዳይኖረው፣ ቢያንስም ሁለት ዓመት እንዲቆይ። ልብ በሉ፤ የኔ ጓደኞች ያዘጋጁት በጠርሙስ የተሞላ ግድግዳ በዚህ ሕግ ሥዕል መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ነው የሚባለው።

የኛ አገር ግድግዳስ? አገር ቤት የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግሮሰሪ ሲከፈት ቢራ ፋብሪካው ይመጣል፤ ፊቱን በራሱ ቀለም ይቀባል፣ የቤቱን ስም ይጽፋል፣ ከጎኑ አርማውን ያደርጋል። ባለቤቱ ቀለም በነፃ አገኘ፣ ፋብሪካው ግድግዳ በነፃ አገኘ። አንዱ መንደር ቢጫ፣ ቀጥሎ ያለው ቀይ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ የግድግዳው ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ መገመት አያቅትም።

ስሞቹን ደግሞ እዩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ቢራ ፋብሪካችን ነው፤ በሰማዕቱ ስም ተጠራ። ሰበታ ላይ በ1960ዎቹ የተተከለው ሜታ ስሙን የወሰደው ከሜታ አቦ ነው። ሐረርና በደሌ የከተማ ስም ናቸው፤ ዳሽን ተራራ፤ ዋልያ የዱር ፍየል፤ ራያ አገርና ሕዝብ። ደብረ ብርሃን ላይ በ2015 ማምረት የጀመረው ሐበሻ አርማው ላይ የሴት ፊት አድርጓል። እስከ ዛሬ ሴት የገባችው በዚህ ነው፤ ያውም ጠማቂ ሆና ሳይሆን ቆንጆ ሆና።

አንድ ቅዱስ ደግሞ ከሁለት ዓይነት ግድግዳ ላይ አለ። ልጅ ሆነን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ እናየዋለን፤ ስንወጣ ያው ፈረሰኛ ግሮሰሪው ላይ አለ። በዚህ የሚቆጡ ምእመናን አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ስሙ የኛ፣ ሥዕሉ የኛ፣ ድርሻው ግን የማን ነው? ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሄደ። ሔይንከን በ2011 በደሌንና ሐረርን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዲያጂዮ በ2012 ሜታን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እሱም ለካስቴል ተላለፈ። ኢንቨስትመንት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰው ሥራ አግኝቷል፣ የገብስ ገበሬም ገበያ አግኝቷል። ነገር ግን ፌርፋክስ ላይ በራሳችን መዋጮ የእነዚህን አርማ ብንስል፣ ለፓሪስና ለአምስተርዳም በነፃ ማስታወቂያ ሠራን ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠላ። ፋብሪካ ከመምጣቱ በፊትም፣ ከመጣ በኋላም፣ አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚጠጣውን የጠመቀችው ሴት ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምርቃት ያዘጋጁት ግብር በታሪከ ነገሥት ተጽፏል። ያንን ሁሉ ጠጅና ጠላ የጣሉት እጆች የማን እንደነበሩ ግን የጻፈ የለም። በባህላዊ ሥዕሎቻችንም እንዲሁ ነው። ፌርፋክስ ሬስቶራንቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የግብር ሥዕል አስተውላችሁ እዩት፦ ንጉሡ ከላይ፣ መኳንንቱ ጥሬ ሥጋ በእጃቸው፣ አሳላፊው ብርሌ ይዞ። ጠማቂዋ ከሥዕሉ ውጭ፣ ጓዳ ናት።

ሥራውን ግን እንደ መሐንዲስ ላሳያችሁ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ በወይራ ይታጠናል። ይህ ዕቃ ማጽዳትና የሚያበላሽ ተሕዋስ ማጥፋት ነው፤ ጭሱ ደግሞ ጣዕም ይተዋል። ጌሾው ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል። ጌሾ ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚሠራውን ይሠራል፦ ያመራል፣ ብልሽትንም ይገታል። ቀጥሎ ብቅል ይገባል። ብቅል ማለት እህሉ በቅሎ የራሱን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይርበትን ኃይል ማውጣቱ ነው፤ ፋብሪካ ይህን ሲሠራ ሙቀት መለኪያ፣ ማቀዝቀዣና ላቦራቶሪ አለው። ቂጣው ተጋግሮ ይቆራረሳል፣ አሻሮው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ድፍድፉ ይደፈደፋል፣ ጋኑ አፉ ይታፈናል። መቼ ውሃ እንደሚጨመር የሚነግራት ጆሮዋና አፍንጫዋ ነው፤ ድፍድፉ ሲንጫጫ ትሰማዋለች። ቴርሞሜትር የለም፣ የአሲድ መለኪያ የለም፣ የእርሾ ባንክ የለም፤ ጋኑ ራሱ ነው የእርሾ ባንኩ። ጉሹ ለማን፣ የጠለለው ለማን እንደሚቀዳም ታውቃለች። በየሳምንቱ ያንኑ ጣዕም ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። የምርት ጥራት ቁጥጥር ሠርቼ የማውቅ ሰው ነኝ፤ በመሣሪያም ያስቸግራል።

ማስታወቂያዋስ? ረጅም እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ፤ ያ ብቻ። ጣሳው ከተሰቀለ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ማንበብ የማይችልም ያነበዋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት ስለ ድሮዋ እንግሊዝ ሳነብ ደነገጥኩ። እዚያም ቢራ የሚጠምቁት የመንደር ሴቶች ነበሩ፤ ጠምቀው ሲጨርሱ ደጃቸው ላይ ቅጠል የታሰረበት ረጅም እንጨት ያወጡ ነበር። የኛው ጣሳ! ኋላ ጠመቃው ትልቅ ገንዘብ ሲሆን፣ ካፒታልና ማኅበር ያላቸው ወንዶች ያዙት፤ ሴቶቹ ቀስ በቀስ ወጡ። ከዚያ የተሳለው የቢራ ታሪክ ባለ ጢም መሥራቾችና የመዳብ ጋን ሆነ። ከአራት ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ሱመሮች የቢራ አምላክ ብለው ያመለኩት ኒንካሲን ነው፤ ሴት ናት። ሴቲቱን ከጠመቃ ታሪክ ማውጣት እንግዲህ የኋላ ሥራ ነው።

እኛ ጋ ደግሞ በዚህ ላይ ነውር ተጨመረበት። «የጠላ ሻጭ ልጅ» ስድብ ነው። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ አንዳንዳችን ተሰድበንበታል። ባሏ የሞተባት፣ የተፈታች፣ ከገጠር ልጅ አዝላ ከተማ የገባች ሴት በእጇ ያለው ሙያ ይህ ነበር። በዚያ ጠላ ደብተር ተገዛ፣ ቤት ኪራይ ተከፈለ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ልጁ ዶክተር ወይም መሐንዲስ ሆኖ፣ ከዚያም አሜሪካ መጥቶ፣ እናቱ ምን ትሠራ እንደነበር ሲጠየቅ «ትነግድ ነበር» ይላል። ጓደኛዬ ያን ቀን ዝም ያለው ጠላን ረስቶ አይደለም።

መጠጥ ቤቱ ቅዱስ ቦታ ነበር አልልም። ጠላ ቤት ውስጥ ድብድብ አለ፣ አረቄ ያፈረሰው ትዳር አለ፤ ራሷ ሻጯ ከሰካራም ጋር ስትታገል ታመሻለች። ይህም የታሪኩ አካል ነው፤ ግድግዳው ላይ ይግባ። የማይጠጡ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አሉ፤ ቅሪቦና ብርዝ ያለ እነሱ ግድግዳው ጎደሎ ነው።

እዚህ አሜሪካ ጠላ ለምን ጓዳ ቀረ ብትሉኝ መልሱ ሕግ ውስጥ አለ። በ1978 የወጣው ሕግ አንድ አዋቂ ሰው ለቤቱ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ቢራ ቢጠምቅ ከግብር ነፃ አደረገው። መሸጥ ግን አይቻልም። ስለዚህ እናቶቻችን ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለፋሲካ ይጠምቃሉ፤ ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ በርሜል። እንጨት ላይ የሚሰቀል ጣሳ እዚህ የለም። ሊትል ኢትዮጵያ በ2002 በከተማው ምክር ቤት ስሙን ሲያገኝ ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ ቡናው መንገድ ላይ ወጣ፤ የጠላ ሙያ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። የሚያውቁት እናቶች ደግሞ እያረጁ ነው። አገር ቤትም እነ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ ያየነው ነው፤ የድሮ መንደር ሲነሳ ጣሳዋን የተሸከመው እንጨት አብሮ ይነሳል፤ የሚመዘግበውም የለም።

እና ምን ይሳል? የምነዳበት ዌስት አዳምስ ሁለት መልስ አለው።

አንደኛው አዳምስና ዌስተርን ጥግ ላይ ያለው የጎልደን ስቴት ሚውቹዋል ሕንጻ ነው። ጥቁሮች የመሠረቱት የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ሕንጻውን ታላቁ ጥቁር አርክቴክት ፖል ዊሊያምስ ነደፈው፤ በ1949 ተመረቀ። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ቻርልስ አልስተንና ሄል ውድረፍ የጥቁሮችን ታሪክ በካሊፎርኒያ ሳሉ፤ አንዱ እስከ 1850 ያለውን፣ ሌላው ከዚያ ወዲህ ያለውን። ከፋዩ ኩባንያ ነው፤ ግን ኩባንያው የራሱን ፖሊሲ አላሳለም፣ የሕዝቡን ታሪክ አሳለ። በ2009 ሲዘጋ ሥዕሎቹ ለሽያጭ ቀረቡ፤ ሰዎች ጮኹ፣ ከተማው በ2011 ሕንጻውን ቅርስ አለው፣ ሥዕሎቹ ከቦታቸው ሳይነቀሉ ቀሩ። ስለዚህ የኩባንያ ገንዘብ ሁሉ አይንካ አልልም። ቢራ ፋብሪካ ሊረዳን ከፈለገ ይርዳ፤ አርማውን ቤቱ ይተው።

ሁለተኛው ቢዲ ሜሰን ናት። ባሪያ ሆና ከሚሲሲፒ ከሠረገላ ኋላ በእግሯ ተጉዛ መጣች፤ በ1856 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፍርድ ቤት ነፃ አወጣት። አዋላጅ ሆና ሠርታ ባጠራቀመችው ዳውንታውን መሬት ገዛች። ከቤቷ የጀመረው ፈርስት ኤ.ኤም.ኢ. ቤተ ክርስቲያን ዛሬ እዚሁ ዌስት አዳምስ ነው። ቤቷ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ስፕሪንግ ጎዳና አጠገብ፣ በ1989 ሃያ አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም የኮንክሪት ግድግዳ ቆመላት። ሕይወቷ በየአሥር ዓመቱ ተከፍሎ ተጽፏል፤ የአዋላጅነት ቦርሳዋና የሠረገላው ጎማ ቅርጽ ኮንክሪቱ ውስጥ ታትሟል። ያልተማረች ሠራተኛ ሴት ታሪክ በሙያዋ ዕቃ ተነገረ። ሄዳችሁ በእጃችሁ ዳስሱት፤ መኪና ማቆሚያ ግን አጥታችሁ እንዳትረግሙኝ።

እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ቀለም ካሊፎርኒያ ፀሐይ ላይ በጥቂት ዓመት ይገረጣል፤ ኮንክሪት ይቆያል። ሰው በቁመቱ ሊነካው በሚችል ከፍታ፣ እርጥብ ኮንክሪት ላይ እውነተኛ ዕቃ ተጭኖ ይነሳ፦ የእንስራ ሆድ፣ የጋን አፍ፣ የወንፊት ሽቦ፣ የጌሾ ቅጠል ከነግንዱ፣ የተበጣጠሰ ቂጣ፣ ያረጀ ሽርጥ። በመሃል እንጨቷ ከነጣሳዋ ከላይ እስከ ታች። ስም የሚጻፍ ከሆነ የሚፈቅዱ ልጆች የእናታቸውን ስም ራሳቸው በጣታቸው ይጻፉ። ያ ጓደኛዬ ይጽፍ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም።

ለጊዜው የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጣሳዋ በየአገሩ አንድ ዓይነት አልነበረችም። ባደጋችሁበት ሰፈር እንጨቱ ላይ የሚሰቀለው ምን ነበር? የቲማቲም ድልህ ጣሳ? የዘይት? የወተት ዱቄት? ወይስ ብርጭቆ? ለአረቄና ለጠላ ምልክቱ ይለያይ ነበር? ከተማውንና በግምት ዓመቱን ጨምራችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ፎቶ ያለው ካለ በውስጥ መስመር ይላክልኝ፤ እኔ እሰበስባለሁ።